ጥያቄና መልስ፦ ለምህንድስና ሥራ ፈላጊዎች ስለ ሲቪና ስለ ቃለ መጠይቅ

መለኪያ፦ የምህንድስና አመልካቾችን ሲቪ በማንበብና በቴክኒክ ቃለ መጠይቅ በጠያቂነት በመቀመጥ ረጅም ጊዜ ያሳለፍኩ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ጥያቄ ላላችሁ ሁሉ የማውቀውን እመልሳለሁ። የምትጠይቁ ሰዎች የሙያ ዘርፋችሁንና ያላችሁን ልምድ አስቀድማችሁ ግለጹ። ደጋግሜ ማንሳቴ የማይቀረውን ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልናገር፦ በሲቪያችሁ ላይ የሰፈረ እያንዳንዱ ቃል ለጠያቂው የሰጣችሁት የመጠየቅ ፈቃድ ስለሆነ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ልታስረዱት የማትችሉትን አትጻፉ።

ንድፍ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ሲቪ ስንት ገጽ መሆን አለበት?

መለኪያ፦ ለአዲስ ተመራቂ አንድ፣ ልምድ ላለው ሁለት። ለማስተማርና ለምርምር ሥራ የሚቀርበው ስለሚለይ እዚህ አልገባበትም።

ቱቦ፦ በቅርቡ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። የሥራ ልምድ የለኝም። ያለኝ የመመረቂያ ፕሮጀክት ብቻ ሲሆን፣ እሱንም «በቡድን ሆነን የውኃ ፓምፕ ሲስተም ዲዛይን አድርገናል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ይበቃል ይላሉ?

መለኪያ፦ አይበቃም፤ ጥያቄዎ ግን ጥሩ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። «አድርገናል» የሚለው አጻጻፍ የእርስዎን ሥራ ከጓደኞችዎ ሥራ ጋር ስለሚቀላቅል ጠያቂው እርስዎን ለይቶ ሊመዝን አይችልም። እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «አራት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ የፓምፕ መረጣውንና የመምጠጫ መስመሩን ስሌት ሠርቻለሁ፤ በሰከንድ 12 ሊትር ውኃ ወደ 30 ሜትር ጠቅላላ ሄድ የሚያደርስ ፓምፕ መርጬ፣ ካቪቴሽን እንዳይከሰት የመምጠጫውን ቧንቧ ዲያሜትር ከ80 ወደ 100 ሚሊሜትር አሳድጌያለሁ።»

(ሄድ ፓምፑ ውኃውን የሚገፋበት አቅም በከፍታ ሲለካ ነው፤ ካቪቴሽን ደግሞ በመምጠጫው በኩል ግፊት ሲወርድ ውኃው ውስጥ አረፋ ተፈጥሮ ፓምፑን መጉዳቱ ነው።) ይህን ያነበበ መሐንዲስ ሳያስበው ማስላት ይጀምራል። ፓምፑ ለውኃው የሚሰጠው ኃይል 3.5 ኪሎዋት ያህል እንደሆነ፣ የፓምፑ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን ደግሞ ፓምፑን የሚያሽከረክረው ዘንግ 5.4 ኪሎዋት ገደማ እንደሚፈልግ ያገኛል። ስለዚህ 7.5 ኪሎዋት ሞተር መርጫለሁ ቢሉት ይዋጥለታል፤ 3 ኪሎዋት ቢሉት ግን ሊሠራ የማይችል ነገር መጻፍዎን አይቶ ቀሪውንም በጥርጣሬ ያነበዋል። በቧንቧው በኩል ደግሞ የውኃው ፍጥነት በሰከንድ ከ2.4 ወደ 1.5 ሜትር ዝቅ ማለቱን ስለሚያስተውል፣ በቃለ መጠይቁ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ፍጥነቱ ለምን አሳሰበሽ?» የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ ውይይቱ እርስዎ በደንብ ወደሚያውቁት ቦታ መጣ ማለት ነው።

የመለኪያ አሃድ የሌለው ቁጥር ግን ከነጭራሹ ባይጻፍ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር የጠፋችው፣ አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያወጣውን የግፊት ቁጥር ሌላው በኒውተን እንደተሰላ አድርጎ ስለተቀበለው ነው። አሃድ የሚዘነጋ አመልካች ሲገጥመኝ ይህች መንኮራኩር ትዝ ትለኛለች።

ንድፍ፦ በሲቪዬ ላይ «አውቶካድ 90 በመቶ፣ ማትላብ 75 በመቶ» የሚሉ ባለቀለም መስመሮች አሉ። ልተዋቸው?

መለኪያ፦ 90 በመቶው ከምን ላይ ተለክቶ ነው? ያጥፏቸው። በሶፍትዌሩ የሠሩትን ሥራ ይጻፉ።

ቮልት፦ ኢንጂነር ከፈቀዱልኝ ልጨምር። እንዲህ ያለውን ያጌጠ ሲቪና በሁለት ዓምድ የተከፈለውን ሁሉ የቅጥር ሶፍትዌሮች ሰው ሳያየው ይጥሉታል።

ጡብ፦ ይህ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ወሬ እንጂ እውነት አይደለም፣ ወንድሜ። እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት በሁለት ዓምድ በተዘጋጀ ሲቪ ነው።

ቮልት፦ የአንድ ሰው ዕድል ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት መሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር አይጠቀም ይሆናል።

ጡብ፦ ይጠቀማል፤ ማመልከቻዬን ያስገባሁትም በእሱ በኩል ነው። ይልቅ እርስዎ ሶፍትዌሩ እንደሚጥለው በምን አወቁ?

መለኪያ፦ ሁለታችሁም ማረጋገጥ የማትችሉትን ትታችሁ በእጃችሁ ያለውን ፈትሹ። ሶፍትዌሩ ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን አውጥቶ ይመዘግባል። በሥዕል መልክ የገባ ጽሑፍ ላይነበብለት ይችላል፤ ሠንጠረዥና ዓምድ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ያዛባበታል። የፒዲኤፉን ጽሑፍ በሙሉ ቀድታችሁ ተራ የጽሑፍ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ ስምና ስልክ፣ የሥራ ቦታና ዓመት በየቦታቸው ከተነበቡ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ስለ ሲቪ ቅርጽ ምርጫ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ተስፋ፦ ስለ ቃለ መጠይቅ ምክር ቢሰጡን?

መለኪያ፦ ስለ የትኛው ቃለ መጠይቅ? ዘርፍዎን፣ ልምድዎንና የሚያመለክቱበትን የሥራ መደብ ይግለጹና እንደገና ይጠይቁ።

ጡብ፦ እኔ የሲቪል ሰው ነኝ፤ ልምዴ ሁለት ዓመት ነው። በቴክኒክ ቃለ መጠይቅ ላይ መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣ ዝም እላለሁ። ቀመሩ ካልታወሰኝ ምን ማድረግ ይሻለኛል?

መለኪያ፦ ጥሩ ጠያቂ የሚፈልገው ቀመሩን አይደለም፤ ቀመር መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ሥዕሉን ይሣሉ፤ ድጋፎቹን፣ ጭነቶቹንና አቅጣጫቸውን ያስቀምጡ፤ የገመቱትን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ከዚያ መልሱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በግርድፉ ይገምቱ። እኔ የምወደው ጥያቄ አንድ ጫፉ በግድግዳ የተያዘና በሌላው ጫፉ ክብደት የተሸከመ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ነው። «ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጉብጠቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ስምንት እጥፍ ነው፤ የአራት ማዕዘን ቢሙ ቁመት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ከዚያ ወጥመዱ ይመጣል፦ «ጉብጠቱ ስለበዛ ይበልጥ ጠንካራ በሆነ የብረት ዓይነት እንተካው?» ብዙዎች አዎ ይላሉ። ጉብጠትን የሚወስነው ግን ኢላስቲክ ሞጁለስ፣ ማለትም የቁሱ ግትርነት መለኪያ፣ ስለሆነ፣ እሱም በተራው ብረትም በጠንካራውም ወደ 200 ጊጋፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ ምርጡን ብረት ቢገዙም ቢሙ ያንኑ ያህል ይጎብጣል። በአሉሚኒየም ቢተኩት ደግሞ ሞጁለሱ 70 ገደማ ስለሆነ ጉብጠቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ያላወቀ፣ ነገር ግን «ጥንካሬና ግትርነት አንድ ናቸው ወይ? እስቲ ላስብበት» ብሎ በወረቀቱ ላይ የታገለ አመልካች፣ ቀመሩን ሸምድዶ ከተናገረው በእኔ ዘንድ ብልጫ አለው።

ሥዕል የምለውም በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በአንድ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ዲዛይን አንዱ ከሌላው በላይ ያሉትን ሁለት መተላለፊያዎች ከጣሪያው የሚወርድ ወጥ ዘንግ እንዲሸከማቸው ታስቦ ነበር፤ በኋላ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ የታችኛው ከላይኛው እንዲንጠለጠል ሲደረግ በላይኛው ቢም መጋጠሚያ ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። ማንም ሰው የዚያን መጋጠሚያ ኃይሎች በቁራጭ ወረቀት ላይ ቢሥል ኖሮ ይታየው ነበር።

ቮልት፦ ሁሉንም በዘንጉ ማመካኘት ግን ልክ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው ዲዛይንም ቢሆን የከተማው የግንባታ ኮድ (ደንብ) የሚጠይቀውን አቅም አያሟላም ነበር።

መለኪያ፦ ልክ ነው፤ ለውጡ ደካማውን ነገር ይበልጥ አዳከመው። እንዲህ ያለ እርማት ጠያቂውን ያስደስተዋል እንጂ አያስቀይመውም። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አቤል1፦ ሲቪ አንድ ገጽ ነው ወይስ ሁለት?

መለኪያ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ቮልት፦ በኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሠራኋቸውን የሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ድሮዊንጎች ለማሳያ ይዤ ልሂድ?

መለኪያ፦ በጭራሽ። ድሮዊንጎቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናቸው፤ የሌላውን ምስጢር ያሳየ ሰው ነገ የእኛንም ያሳያል ብሎ ጠያቂው ያስባል። የቮልቴጁን ደረጃ፣ የእርስዎን ድርሻና የገጠመዎትን ችግር ደንበኛውንና ቦታውን ሳይጠቅሱ ይጻፉ፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ አጠቃላዩን የባለአንድ መስመር ንድፍ (የጣቢያው መሣሪያዎች እንዴት እንደተገናኙ በነጠላ መስመር የሚያሳየውን ሥዕል) ከባዶ ወረቀት ተነሥተው ይሣሉ። በእጅዎ መሣልዎ ሥራው የእርስዎ መሆኑን ከማንኛውም ፋይል በተሻለ ይመሰክራል። መሣል ካልቻሉ ግን ሲቪዎ ላይም አይኑር።

ተስፋ፦ ደመወዝ ስንት ልበል? «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲሉኝስ?

መለኪያ፦ ስለ ደመወዝ በዚያው ዘርፍ የሚሠሩትን ይጠይቁ፤ የእኔ ነገር አይደለም። ለሁለተኛው እውነተኛ የሆነ፣ እያረሙት ያለና ሥራውን የማያደናቅፍ ድክመት ይናገሩ። ዘርፍዎን አሁንም አልነገሩንም።

ንድፍ፦ የሶፍትዌር ምህንድስና ቃለ መጠይቅስ?

መለኪያ፦ ሙያዬ ስላልሆነ የሚያውቅ አባል ይመልስ።

ጡብ፦ ሶፍትዌር መጻፍ ምህንድስና ነው እንዴ?

ንድፍ፦ ቅድም የጠፋችውን መንኮራኩር ማን አጠፋት ተባለ?

መለኪያ፦ ይህን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ቱቦ፦ በመጨረሻ «የምትጠይቂን አለ?» ሲሉኝ ምን ልጠይቅ?

መለኪያ፦ የምሠራውን ስሌት የሚያጣራው ማን ነው? ድሮዊንግ ከጸደቀ በኋላ ለውጥ ሲያስፈልግ ማን ይፈርማል? ከሳይት የመጣ ጥያቄ ለዲዛይነሩ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? እነዚህን ይጠይቁ። መልሳቸው ከተምታታ እርስዎም ሊያስቡበት ይገባል፤ የካንሳስ ሲቲው ለውጥ ያለፈው እንዲህ ያለው አሠራር በላላበት ነው።

አቤል1፦ ሲቪዬን ልላክልዎና ቢያዩልኝ?

መለኪያ፦ ሙሉ ሲቪ አላይም። ስምና አድራሻ ሳይኖረው፣ ስለ አንድ ፕሮጀክት የጻፉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እዚህ ያስፍሩ፤ ከነአሃዱ።