ጥያቄና መልስ፦ ጨው ቻይ ባክቴሪያዎች ጨውንና ረሃብን እንዴት ይቋቋማሉ?

መልስ ሰጪ (የማይክሮባዮሎጂ መምህር፣ ደሴ)፦ ስትጠይቁ የጨውን መጠን በመቶኛና የረቂቅ ህዋሱን ስም ጻፉልኝ፤ ያለ እነዚህ ትክክለኛ መልስ መስጠት አይቻልም።

ተማሪ፣ ሸዋ በር፦ መምህር፣ ጨው ውኃውን ከውስጡ እየመጠጠው ባክቴሪያው እንዴት ሳይሞት ይቆያል?

መልስ፦ በሚገባ በተጠናው የአንጀት ባክቴሪያ፣ በኢኮላይ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ውኃውን ውስጡ ለማቆየት ፖታሲየምን ከውጭ በፍጥነት መሳብ ነው፤ ቆይቶም የፕሮቲኖችን ሥራ በማያውኩ፣ እንደ ትሬሃሎስ (የስኳር ዓይነት) ባሉ ሞለኪውሎች ይተካዋል። ጨው ቻይ የሆነው ባክቴሪያ ሃሎሞናስ ኢሎንጋታ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ኤክቶይን የሚባለውን ሞለኪውል ራሱ ይሠራል። ይህ ሞለኪውል በ1985 እ.ኤ.አ. የታወቀው ግብፅ ውስጥ ከዋዲ ናትሩን ከተገኘ ባክቴሪያ ነው። ሳሊኒባክተር ሩበር የሚባለው ባክቴሪያ ግን ውስጡን በፖታሲየም ክሎራይድ ስለሚሞላ ብዙዎቹ ፕሮቲኖቹ ያለ ጨው በደንብ መሥራት አይችሉም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ ጨው ላይ ረሃብ ሲጨመርበትስ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ጨውን ብቻ ይዘው ምግቡን ይረሱታል። እያንዳንዱ የኤክቶይን ሞለኪውል ሁለት የናይትሮጅን አተሞችን ስለሚይዝ፣ ናይትሮጅን በጠበበበት ቦታ ጨውን መቋቋም በጣም ውድ ይሆናል፤ ናይትሮጅን የሌለውን ትሬሃሎስን መሥራት የሚችሉ ህዋሳን በዚህ ጊዜ ብልጫ ያገኛሉ። እንደ ኤክቶይን የሚያገለግለው ግላይሲን ቤታይን በአካባቢው ከተገኘ ደግሞ አዲስ ከመሥራት ያንን ማስገባት ይረክሳል። ሌላም ነገር አለ፤ የተራበ ኢኮላይ ለረሃቡ ያስነሣቸው መከላከያዎች ከጨውም ስለሚጠብቁት፣ በልቶ እያደገ ካለው ይልቅ ድንገተኛ ጨውን ይችላል። ነገር ግን መትረፍና ማደግ አንድ አይደሉም፤ ይህን እባካችሁ አትቀላቅሉ።

ነጋዴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ጨው ጀርም ይገድላል ወይስ አይገድልም?

መልስ፦ ስንት በመቶ ጨው? የትኛውን ጀርም? ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ 15 በመቶ ጨው ላይ ማደግ ይችላል፤ ኢኮላይ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ያቆማል። ማቆምም መሞት አይደለም።

ቆዳና ሌጦ ሰብሳቢ፣ ኮምቦልቻ፦ ጨው ተነስንሶበት የተከመረ ቆዳ በሥጋው ወገን ቀይ ነጠብጣብ አወጣ፤ ሲነካም ያሙለጨልጫል። ጨው አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ወዳድ አርኬያ ነው፤ አርኬያ ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን የተለየ ወገን የሆኑ ረቂቅ ህዋሳን ናቸው እንጂ ባክቴሪያ አይደሉም። ቀለሙ ባክቴሪዮሩበሪን ይባላል። ጨው መጨመር አያጠፋውም፤ መኖሪያው ነውና። በፀሐይ ከደረቀ ጨው ጋር ሕያው ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የዋለ ጨው ደግሞ ከአንዱ ቆዳ ወደ ሌላው ያዛምተዋል። ሙቀት ስለሚስማማው ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ ይልቅ ቶሎ ይበረታል። ያገለገለ ጨው አይጠቀሙ፤ ክምሩንም ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ።

አባል፣ ሆጤ፦ እንዲህ ከሆነማ ዳሎልም ሕይወት አለው ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ የለም! በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እጅግ አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አላገኘም።

አባል፣ ሆጤ፦ በዚያው ዓመት የወጣው ሌላኛውስ? አግኝተናል አላሉም?

መልስ፦ ሁለቱም ወጥተዋል፤ ክርክሩን እዚህ አንፈታውም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እዚያ ጨው ብቻውን እንዳልሆነ ነው፤ ኃይለኛ አሲድ አለ፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ኩሬዎች ደግሞ ማግኒዥየም በዝቷል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

እናት፣ ደሴ፦ ቋንጣስ?

መልስ፦ እሱን የሚያቆየው ድርቀቱም ጭምር ነው እንጂ ጨው ብቻ አይደለም።

ነጋዴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ጨው በጣም ቢበዛስ ይገድላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። መጠኑንና ስሙን ይዘው ይመለሱ።

ተማሪ፣ ሸዋ በር፦ ጨዋማ ውስጥ ያደገውን ድንገት ንጹሕ ውኃ ላይ ብጥለውስ?

መልስ፦ ውኃ በኃይል ይገባበታል፤ ሽፋኑ ሲወጠር የሚከፈቱ ቀዳዳዎች ያከማቸውን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ኤክቶይን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሃሎሞናስን የሚያልቡት በዚህ ዘዴ ነው። ቀዳዳዎቹ ካልደረሱለት ይፈነዳል። እናንተም ጨዋማ ናሙና ስታቀጥኑ የናሙናውን ያህል ጨው ባለው ውኃ አቅጥኑ፤ በተጣራ ውኃ ካቀጠናችሁ ግን የማብቀያ ሳህኑ ላይ ምንም ባይበቅል «ናሙናው ባዶ ነው» ብላችሁ አትጻፉ።