ያጨበጨብነው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የኬብል ኩባንያው ተወካይ ተነሥተው «ለማኅበረሰባችሁና ለትምህርት ቤቶቻችሁ የምናደርገው ድጋፍ» እያሉ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ አጨበጨብን። ማታ የወሩን ቢል ስከፍት «ፍራንቻይዝ ፊ» የሚል መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ «ፔግ ፊ» የሚል አየሁ። ባለቤቴ «ያጨበጨብሽው ለራስሽ ገንዘብ ነው» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው?
የሁለት ተማሪዎች እናት፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሹን አግኝቶታል።

ኩባንያው ገመዱን የሚዘረጋው በሕዝብ መንገድ ላይና ሥር ነው። ለዚህም ከከተማው ወይም ከካውንቲው ጋር ይዋዋላል፤ ፍራንቻይዝ የሚባለው ይኸው ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌዴራል ኬብል ሕግ ከተማው ከኩባንያው የኬብል አገልግሎት ገቢ እስከ 5 በመቶ እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። የመንገድ ኪራይ በይው። ሕጉ ኩባንያው ክፍያውን በቢልሽ ላይ ለይቶ እንዲያሳይ ስለሚፈቅድለት፣ ዞሮ ዞሮ ከፋዩ አንቺ ነሽ። ገንዘቡም የግድ ትምህርት ቤት አይደርስም፤ ከተማው የተቦረቦረ አስፋልት ሊደፍንበትም ይችላል።

«ፔግ» ግን ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ሳወራ ትንሽ አዳላለሁ። ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመንግሥት የሚለቀቁ ቻናሎች የወል ስም ነው። እኔ በሕዝቡ ቻናል አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ ይዣለሁ። አጭር ሥልጠና ወሰድኩ፤ ከዚያ ስቱዲዮውንም ዕቃውንም በነፃ ሰጡኝ። ማስታወቂያ መልቀቅ ክልክል ነው። ኩባንያውም የምንለውን እያየ ይህን አውጡ፣ ያን አስገቡ የማለት መብት የለውም። በመጀመሪያው ዝግጅታችን ማይክሮፎኑን ሳልከፍት ቀርቼ እንግዳችን 28 ደቂቃ ሙሉ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ታየ። አንድ ሰው ደውሎ ነገረን። ተመልካች እንዳለን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የዚህ ገንዘብ እንከን የት ነው ካልሽኝ፣ ከ5 በመቶው በላይ የሚጠየቀው የፔግ ክፍያ ለካሜራ፣ ለመብራት፣ ለስቱዲዮ ግንባታ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ካሜራ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቻለሁ። ለዕቃው ተከፍሏል፤ ለሚያስተምረው ሰው ግን በጀት የለም።

የኬብል ኩባንያዎች ሕግ ሳያስገድዳቸው የሠሩትም አለ፤ እሱን መካድ ግፍ ነው። የአሜሪካን ኮንግረስ ውሎ ያለ ማስታወቂያ የሚያሳየውን ሲ-ስፓን የተባለውን ቻናል በ1979 ያቋቋመው የኬብል ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። በ1989 ደግሞ «ኬብል ኢን ዘ ክላስሩም» በሚለው ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ነፃ መስመርና መምህራን ቀድተው በክፍል የሚያሳዩት፣ ማስታወቂያ የሌለበት ዝግጅት ማቅረብ ጀመሩ። በ2011 ኮምካስት የተባለው የኬብል ኩባንያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪ ቤተሰቦች ኢንተርኔት በወር በ9.95 ዶላር አቀረበ። እርግጥ ይህ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ከተባለው የቴሌቪዥንና የፊልም ኩባንያ ጋር ለመዋሐድ መንግሥት ሲፈቅድለት ከገባቸው ግዴታዎች አንዱ ነበር። ቢሆንም የጎረቤቴ ልጅ ያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በዋይፋይ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበርና፣ ቤቱ መስመር ሲገባለት የማን ሐሳብ እንደሆነ አልጠየቀም።

ተወካዩ ተመልሰው ሲመጡ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ «ለትምህርት ቤቱ የሰጣችሁት ነፃ መስመር ከ5 በመቶው ላይ ይቀነሳል ወይ?» በ2019 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እንዲህ ያለውን በዓይነት የሚሰጥ ነገር ከክፍያው ጋር እንዲቆጠር ወስኗል። የሚቀነስ ከሆነ ስጦታው ከከተማው ካዝና ነው የወጣው።

ከዚያ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ አጣሪ። በሕጉ መሠረት ውሉ ሊያበቃ 36 ወር ሲቀረው የሚጀምር የስድስት ወር ጊዜ አለ፤ የአካባቢው ፍላጎት ሕዝቡ ባለበት የሚጠናው ያኔ ነው። ለትምህርት ቤቱ ስቱዲዮ ወይም ቻናል የሚጠየቀውም እዚያ ነው እንጂ በወላጆች ስብሰባ ጭብጨባ መሐል አይደለም። በአንዳንድ ስቴቶች ግን ውሉ ከስቴቱ ጋር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አረጋግጪ። አትዘግዪ፤ ሰዉ ኬብሉን እየዘጋ ወደ ስትሪሚንግ በሄደ ቁጥር እነዚያ ሁለት መስመሮች ከቢሉ ይጠፋሉ፣ የቻናሎቹም ገቢ አብሮ ይሄዳል።

ውሉ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ቅጂውን ጠይቂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ቢል እያነበበ የሚስቅ ሰው ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ይጠቅማል።