ጥያቄ ሳትይዙ መጽሐፍ አትምረጡ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንዲት ተማሪ የፓይተን መጽሐፍ አሳየችኝ፤ ፓይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ፎቶኮፒ ነው። በስፓይራል ተጠርዟል፣ ጡብ ያህላል። «ጋሼ፣ ፓይተን ልማርበት ብዬ ነበር። ግን ገና መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ኤረር ይለኛል» አለችኝ። ላፕቶፗን ከፈተች። መጽሐፉ እንዳለው «ፕሪንት» ብላ ጻፈች። ቀጥላ በጥቅስ ምልክት ውስጥ «ሰላም» አለችና ኢንተር ነካች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ከመጽሐፉ አንድ ፊደል አላጎደለችም። ሦስቴ ደጋግማ አይታዋለች። «እኔ ነኝ መሰለኝ ያልገባኝ» አለችና አንገቷን ደፋች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚህች አንዲት አነጋገር ምክንያት ነው። ስንት ልጅ እንዲህ ብሎ ትቶታል!

ጥፋቱ የሷ አልነበረም። መጽሐፉ የተጻፈው ለድሮው ቨርዥን፣ ለፓይተን 2 ነው። ላፕቶፗ ላይ የተጫነው ፓይተን 3 ነው። ፓይተን 3 በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ላይ ሲወጣ ብዙ ነገር ተቀየረ። ከተቀየሩት አንዱ ይኸው ፕሪንት ነው፤ አሁን ቅንፍ ይፈልጋል። እንዲያውም ቀዩ ጽሑፍ ራሱ «ቅንፍ ጎድሏል» ይላል። እሷ ግን መጽሐፉን አመነች። መጽሐፉ ላይ ቅንፍ የለማ!

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው፤ ቢያንስ ኤረር ይላል። ዝም የሚለው ይብሳል። 7ን ለ2 አካፍል በሉት። ፓይተን 2 መልሱን 3 ይላችኋል። ፓይተን 3 ደግሞ 3.5። ከአሮጌ መጽሐፍ የተማረ ልጅ ቀይ ጽሑፍ ሳያይ የተሳሳተ ሒሳብ ይዞ ይሄዳል። ፓይተን 2 ከፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ወዲህ ድጋፍ የለውም። መጽሐፎቹ ግን ዛሬም ከእጅ እጅ ይዞራሉ።

መጽሐፉ መቼ እንደታተመ ልይ ብዬ የፊቱን ገጾች ገለጥኩ። የሉም። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ኢንዴክሱም (የቃላት ማውጫው) የለም። «የት ሄዱ?» አልኳት። «ብር ለመቆጠብ ነዋ ጋሼ። ትምህርት የሌለባቸውን ገጾች ዝለሏቸው አልኳቸው» አለችኝ።

ልጆቼ፣ አንድ ሪፈረንስ (ማመሳከሪያ መጽሐፍ) ይጠቅም አይጠቅም የሚታወቀው በእነዚያ ገጾች ነው። የፊተኞቹ ዓመቱን፣ እትሙንና ለየትኛው ቨርዥን እንደተጻፈ ይነግሯችኋል። የኋለኞቹ ደግሞ የተቸገራችሁበት ነገር ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ይጠቁሟችኋል። ከስድስት መቶ ገጽ ሃያ ገጽ ይቅር ካላችሁ ከመሀል ይቅር። እነዚህን አታስቀሩ።

መማሪያና ሪፈረንስ ይለያያሉ። መማሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል። ቀጭን ቢሆን ይመረጣል። ሪፈረንስ ግን እንደ አገር ሽማግሌ ነው። እኛ ወሎዎች ጉዳይ ሳንይዝ ሽማግሌ ቤት አንሄድም። ሪፈረንስም እንደዚያ ነው፤ ጉዳያችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ያንኑ ትጠይቁታላችሁ፣ መልሱን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከዳር እስከ ዳር ላንብበው ብሎ የጀመረ ሰው አርባኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ውፍረቱን አትዩ፣ ሽፋኑንም አትዩ። አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱና ይመልስላችሁ እንደሆነ ሞክሩት።

እኔ ይህን የተማርኩት ኮምቦልቻ ነው፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ። የአሁኑን ያህል መጽሐፍ እንደልብ አልነበረም። የሠራተኞችን መታወቂያ ካርድ የሚያዘጋጅ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ በፓይተን 2። ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ስም ከ20 ፊደል እንዳይበልጥ ቁረጥ አልኩት። የአማርኛ ስም 20 ፊደል የት ይደርሳል ብዬ ነው። ካርዱ ታተመ፣ ታደለ። በማግስቱ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ካርዱን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። «ስሜ ወልደሚካኤል ነው። ይሄ ማነው?» አሉኝ። ካርዱ ላይ «ወልደሚካኤ» ይላል። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። የአብዱልቃድርም እንደዚሁ «ር» የለውም። የከበደና የሰይድ ግን ደህና ነው።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። የነበረኝ መጽሐፍ ትልቅ ነው፣ ሁሉ ነገር አለበት ይባላል። ኢንዴክሱ ላይ «ዩኒኮድ» የሚለውን፣ የዓለምን ፊደሎች የጋራ ኮድ፣ ፈለግሁ። አንድ ገጽ ብቻ ጠቆመኝ፤ እዚያም ያለችው አንዲት አንቀጽ ናት፣ ምሳሌ የላትም። ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ሌላ መጽሐፍ አመጣልኝ፣ የኔን ግማሽ የማያህል። ጠዋት ከደሴ ስነሳ ሚኒባስ ውስጥ ኢንዴክሱን ከፈትኩ። ዩኒኮድ፣ ኢንኮዲንግ፣ ባይት፤ ሦስቱም አሉ፣ ሦስቱም ወደ አንድ ምዕራፍ ይመራሉ። የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረድን አነበብኩት። የደሴ ብርድ አልፎ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጀምር፣ ጃኬቴን ሳወልቅ፣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ትንንሽ ቁጥሮች ነው፤ የአቀማመጡ ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል። አንድ የኛ ፊደል ግን 3 ባይት ይይዛል። የድሮው ፓይተን ተራ ጽሑፍ ስትሰጡት የሚቆጥረው ባይት ነው። ወልደሚካኤል 7 ፊደል ነው፤ 21 ባይት ይሆናል። እኔ 20 ላይ ቁረጥ ስለው የመጨረሻዋን «ል» ከሦስት ባይቷ ሁለቱን ይዞ አንዷን ጣለ። ፊደሏ ተሰበረች። ስሙን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ከዚያ መቁረጥ ነበር የሚገባኝ፤ አንድ መስመር ሥራ ነው። ካርዱን አሳትሜ ለወልደሚካኤል በእጄ ሰጠኋቸው። ፊደላቸውን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ደራሲ መጥፎ ጸሐፊ አልነበረም። ምሳሌዎቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደልና ባይት ቁጥራቸው እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ለአንባቢው አይታየውም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ስለዚህ እናንተ መጽሐፍ ስትመርጡ የምትይዙት ጥያቄ ከራሳችሁ ኑሮ የወጣ ይሁን። አሜሪካ ያለ ልጅ ይህን ጥያቄ ላይጠይቅ ይችላል። እናንተ ግን የወረዳ መዝገብ፣ የሱቅ ዕቃ ዝርዝር፣ የተማሪ ስም ዝርዝር በአማርኛ ትሠራላችሁ።

የኔ መፈተኛ እንግዲህ ይህች ናት። ኢንዴክሱን ክፈቱና ኢንኮዲንግ የሚለውን ፈልጉ። ያለበትን ገጽ አንብቡ። ከዚያ ሁለት ነገር ነግሯችሁ እንደሆነ እዩ። አንደኛ፣ «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመቱ ስንት ነው? ፓይተን 3 በትክክል 3 ይላል፤ ወደ ባይት ከቀየራችሁት 9 ይሆናል። ለምን እንደሆነ መጽሐፉ ማስረዳት አለበት። ሁለተኛ፣ ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን እንዴት ትነግሩታላችሁ? ዊንዶውስ ላይ ካልነገራችሁት ብዙ ጊዜ በሌላ ኢንኮዲንግ ይከፍተውና አማርኛው ዝብርቅርቁ ይወጣል። ይህን በምሳሌ የሚያሳይ መጽሐፍ ካገኛችሁ ሌላውንም በጥንቃቄ ጽፎታል ብዬ አምናለሁ።

ፓይተን ላልሆነም ቋንቋ መንገዱ ይኸው ነው። ፒኤችፒ የምትማሩ፣ መጽሐፉ ዳታቤዝ የሚከፍተው በ«ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» (mysql_connect) ከሆነ ተዉት። እነዚያ ፈንክሽኖች (በስም የሚጠሩ ትእዛዞች) ፒኤችፒ 7 በፈረንጆቹ 2015 ሲወጣ ተነሥተዋል። ጃቫስክሪፕት ከሆነ «ሌት» እና «ኮንስት» መኖራቸውን እዩ፤ እነሱም የገቡት በዚያው ዓመት ነው።

አሁን «ጋሼ፣ ቻትጂፒቲ እያለ ምን መጽሐፍ ያስፈልጋል?» የምትሉኝ አላችሁ። ጠይቁት፣ እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን አንዳንዴ የሌለ ፈንክሽን በሙሉ ልብ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ ሄዳችሁ የምታመሳክሩበት ከሌላችሁ ያቺ ልጅ መጽሐፉን እንዳመነችው ታምኑታላችሁ። የሥራ ሰው «እንዲህ ብሎኛል» ብሎ አያቆምም፣ ገጹን ያሳያል።

ደግሞ ብር የሌላችሁ አትዘኑ። ከሁሉም የሚበልጠው የፓይተን ሪፈረንስ ነፃ ነው፤ ቋንቋውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ዶክመንቴሽን ነው። ለያንዳንዱ ቨርዥን ለብቻው አለ፣ ሙሉው ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ውስጡ መማሪያም አለበት፣ ቋንቋውን የሚያብራራም አለበት፣ «ላይብረሪ ሪፈረንስ» የሚባለውም አለበት። ዕድሜ ልክ የምትመላለሱበት ይህኛው ነው። መጀመሪያ ስለ ጽሑፍ፣ ስለ ሊስትና ስለ ዲክሽነሪ የሚናገረውን ክፍል ተላመዱት። በኛ አቆጣጠር በ2014 ኔትወርክ በጠፋባቸው ሳምንታት የጠቀመኝ ላፕቶፔ ላይ የነበረው ይህ ፎልደር ነው። ፓይተኑ ራሱም ውስጥ «ሄልፕ» አለ፤ በቅንፍ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት፣ ያብራራላችኋል።

እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አንድ ደብተር ያዙ። ያልገባችሁን ቃል ከነገጹ ጻፉ፣ ሲገባችሁ አጠገቡ በራሳችሁ አማርኛ አስረዱት። የኔ ደብተር አሁንም አለ፣ ጠርዙ ተበልቷል። «አርጊውመንት» የሚለው አጠገብ «ክርክር አይደለም፤ ለፈንክሽኑ የምትሰጠው ነገር» ብዬ ጽፌያለሁ። መዝገበ ቃላት ክርክር ብሎ አሳስቶኝ ስለነበር ነው።

ያቺ ተማሪ ቅዳሜ መጥታ ነበር። ዶክመንቴሽኑን በፍላሽ ገልብጬላት ስለነበር ፎቶኮፒውን ቤት ትታዋለች። ላፕቶፗን አዙራ አሳየችኝ፤ የእናቷን ሱቅ ዕቃ ዝርዝር ጀምራለች፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ሁሉም በአማርኛ። ፋይሉን የከፈተችበት መስመር ላይ ኢንኮዲንጉን ጽፋለች። አጠገቡ ገጹን በማስታወሻ አስቀምጣለች። እናንተም ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ። ስትመጡ ግን ላፕቶፓችሁ ላይ የትኛው ቨርዥን እንዳለ አይታችሁ ኑ።