ማሰሮው ለደረቀባት እህት፦ ኔፔንተሱ ርቦት አይደለም

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ ባጭሩ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ስለዚ ለብቻው ጻፍኩት። እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፣ መስከረም ላይ የሚንጠለጠል ፒቸር ፕላንት ገዛሽ፣ ኔፔንተስ የሚባለውን፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ነፍሳት የሚይዝ ማሰሮ የሚያወጣውን፣ ስትገዢው ስምንት ማሰሮ ነበረው፣ በሁለት ወር ውስጥ አምስቱ ከክዳናቸው ጀምረው ቡኒ እየሆኑ ደረቁ፣ አዲስ ቅጠል ያወጣል ግን ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽዬ ነገር ሳታድግ ትጠቁራለች። ዝንብ እያሳደድሽ ብታበላውም ለውጥ የለም፣ ርቦት ይሆን ወይ ነው ያልሽው።

አልራበውም። ይሄን ያስቀደምኩት ከስር የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ ስለ ምግብ ስለሆነ ነው፣ አንዱ እንደውም ዶሮ ጉበት ብሏል፣ ኧረ በናታችሁ!

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ውስጥ ነው ያለሁት፣ አሁን ያለኝ ኔፔንተስ ስድስተኛ አመቱን ይዟል፣ ከሱ በፊት ግን ሁለት ገድያለሁ፣ ስለዚ የምነግርሽ ግማሹ ከገደልኳቸው የተማርኩት ነው። የመጀመሪያውን የገደልኩት ተራ የአበባ አፈር ውስጥ አዛውሬው የቧንቧ ውሃ እያጠጣሁ ነው። አሳዝኖኝ ነበር፣ አፈሩ ጥሩ አይደለም ብዬ ማዳበሪያ ያለበት ምርጥ የተባለ አፈር ገዝቼ ከተትኩት፣ በሶስት ወሩ ስሩ ጠቁሮ አለቀ። እነዚህ ተክሎች እኮ ነፍሳት መያዝ የጀመሩት የሚበቅሉበት መሬት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚያንሰው ነው፣ ስራቸው ደሃ አፈር የለመደ ነው፣ ሀብታም አፈር ውስጥ ስትከቻቸው ይቃጠላሉ።

ያንቺ ከፎቶው ኔፔንተስ ቬንትራታ ይመስለኛል፣ እዚህ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው አብዛኛው እሱ ነው፣ ወላጆቹ የፊሊፒንስ ናቸው፣ ከሁሉም ቻይ የሚባለው ደሞ እሱ ነው፣ ስለዚ አይዞሽ በቀላሉ አይሞትም።

አሁን ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ይሄ ተክል ያደገው ግሪንሃውስ ውስጥ ነው፣ ብርሃኑ ሙሉ፣ አየሩ እርጥብ። ከዛ ሱቅ ሄደ፣ ከሱቅ መኪናሽ ውስጥ፣ ከመኪና ሳሎንሽ፣ በዛ ላይ ወሩ መስከረም፣ ቀኑ እያጠረ ሄደ፣ ጥቅምት ላይ ሂተር አበራሽ። የድሮዎቹ ማሰሮዎች የተሰሩት ለዛኛው ቤት ነው፣ ያንቺን ቤት አየር አልቻሉትም፣ በቃ ይደርቃሉ። እነሱን ለማዳን አትድከሚ፣ አንዴ የደረቀ ማሰሮ አይመለስም፣ ያው ጤነኛ ሆኖም ቢሆን አንድ ማሰሮ ጥቂት ወር ቆይቶ ያረጃል። ሙሉ ለሙሉ ቡኒ ሲሆን ማሰሮውን ብቻ ቁረጪው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ ተይው፣ ተክሉን የሚመግበው እሱ ነው። ዋና ምግቡ ብርሃን ነው፣ ዝንቡ እንደ ቫይታሚን በይው።

ስለዚ አሮጌዎቹን ማየት ተይና አዲሱን ቅጠል እይ። ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ መሳይ ነገር ማሰሮ ልትሆን የተዘጋጀች ናት፣ ብርሃንና እርጥበት ከጎደላት እዛው ትቆምና ትጠቁራለች። አንዴ ከጠቆረች ደሞ ኋላ ሁኔታው ቢስተካከልም እሷ አትነፋም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቅጠል ላይ ነው ውጤቱን የምታይው። እኔጋ ሰመር ላይ በሶስት ሳምንት አንድ ቅጠል ያወጣል፣ ዊንተር ላይ አምስት ስድስት ሳምንትም ይፈጅበታል፣ ስለዚ ዛሬ ያስተካከልሽው ነገር ጥር አካባቢ ነው የሚታይሽ። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ በሳምንቱ ለውጥ የለም ብሎ ቦታ ይቀይራል፣ አፈር ይቀይራል፣ ያበላል፣ ይቆርጣል፣ ተክሉ የቱን እንደሚለምድ ግራ ይገባዋል።

ብርሃን፦ ከሶፋው ጎን ነው የሰቀልሽው፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ይርቃል፣ ለኛ አይን ብሩህ ነው ለሱ ግን ጨለማ ነው። ወደ ምስራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ እዛ አድርጊው፣ የጠዋት ፀሐይ አይጎዳውም። ከሌለሽ ኤልኢዲ ግሮው ላይት (ለተክል የሚሆን መብራት) ግዢና በታይመር በቀን 12 እስከ 14 ሰዓት አብሪለት፣ እኔ ከህዳር እስከ የካቲት እንደዛ ነው የማደርገው። ቅጠሉ ረዝሞ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚዝለፈለፍ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ትንሽ ቀላ ካለ ተመችቶታል።

እርጥበት፦ አስር ዶላር የማትሞላ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ሳሎን ሳስቀምጣት ጥር ላይ 25 ፐርሰንት አለችኝ፣ እሱ ደሞ ከ50 በላይ ነው የሚመቸው። ስፕሬይ አድርጊለት የሚሉሽን አትስሚ፣ አስር ደቂቃ ሳይቆይ ይደርቃል። እኔ ያዳነኝ ኪችን ነው፣ ከሲንኩ በላይ ያለችው መስኮት ላይ ሰቀልኩት፣ ኪችናችን ሁሌ የሚፈላ ነገር አለ፣ ወጥ ነው ሻይ ነው፣ ቅዳሜ ደሞ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ እንፋሎት አለ፣ እዛ ከገባ በኋላ ነው ማሰሮ ማውጣት የጀመረው። ሽንኩርት ሲቁላላ ጭሱ ይጎዳው ይሆን ብዬ ነበር፣ እስካሁን ምንም አላለም። ኪችንሽ መስኮት ከሌለው አየሩን የሚያረጥብ ትንሽ ሂዩሚዲፋየር አጠገቡ አድርጊ።

ውሃ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። የቧንቧ ውሃ ተይው። አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ ብለሻል፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን አያወጣልሽም፣ የማጣሪያ ጆጉም በቂ አይደለም፣ ስፕሪንግ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ማዕድን አለው። ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) የሚል የተጻፈበትን ጋሎን ግዢ፣ ወይ ባልኮኒ ካለሽ የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ። ቲዲኤስ ሚትር የምትባል እስኪርቢቶ የምታክል ነገር አለች፣ ውሃ ውስጥ ስትነክሪያት የሟሟውን ማዕድን መጠን በቁጥር ትሰጥሻለች፣ ከ50 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ የኔ ቧንቧ 180 ምናምን ነው ያለው። ስታጠጪው ከላይ አፍስሽው፣ ከስር ይውጣ፣ ከዛ ይንጠፍጠፍ፣ የላይኛው መድረቅ ሲጀምር ትደግሚያለሽ።

ሳህን ላይ ውሃ ሞልተሽ አስቀምጪው ያሉሽ ልጆች ከሌላ ተክል ጋር አምታተውት ነው። ዝንብ ስትነካው እንደ አፍ የሚዘጋው ቬነስ ፍላይትራፕ የካሮላይና ረግረግ ተክል ነው፣ እሱ ውሃ ውስጥ ቁጭ ማለት ይወዳል፣ ዊንተር ላይም ቅዝቃዜ አግኝቶ መተኛት አለበት። ኔፔንተስ አይተኛም፣ ስሩም አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ላይ ካስቀመጥሽው ይበሰብሳል። አፈሩን ለመቀየር መጋቢት ሚያዝያ ድረስ ጠብቂ፣ ያኔ ረጅሙን ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል ነው) ፐርላይት ከሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠርና ከኦርኪድ ቅርፊት ጋር ደባልቀሽ ክተቺው፣ አሁን ግን አትንኪው።

ምግብ፦ የማሰሮው ከንፈር እርጥብ ሲሆን ያዳልጣል፣ ነፍሳቱ ማሩን ሲልሱ ተንሸራተው ይገባሉ፣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈጫቸዋል፣ አንቺ ምንም ማድረግ የለብሽም። እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ሥጋ ይበላል ብለን ነግረናት ለፋሲካ ከቁርጡ ላይ ትንሽ ቆርሳ ከትታለታለች፣ ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ የለም ወይ እሱም ይፈስክ ብላ። በሶስተኛው ቀን ኪችኑ ምን እንደሚሸት ስንፈልግ፣ ፍሪጁን ሁሉ አወጣን፣ ለካ ማሰሮው ውስጥ ነው። ማሰሮው በሳምንቱ ጠቁሮ ወደቀ፣ ተክሉ ተረፈ። ሥጋ ስብ አለው፣ ፈጭቶ ሳይጨርሰው ይበሰብሳል። የግድ ላብላው ካልሽ የአሳ ምግብ የሚሸጥበት ሱቅ ብለድዎርም የሚባል የደረቀ ትል አለ፣ በዲስቲልድ ውሃ አርጥበሽ ቁንጥር ያህል በወር አንዴ ለአንድ ማሰሮ፣ በቃ። ስትገዢው መኪና ውስጥ ተዘንብሎ ፈሳሹ ፈስሶ ከሆነ ደሞ ጤነኛዎቹ ሶስቱ ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ እስከ ሲሶአቸው ድረስ ጨምሪ፣ አትሙያቸው።

በነገራችን ላይ ሁሉም በነፍሳት ብቻ አይደለም የሚኖሩት። ማሌዥያ ውስጥ፣ ቦርኒዮ ደሴት ኪናባሉ ተራራ ላይ ኔፔንተስ ራጃ የሚባል አለ፣ ትልልቅ ማሰሮ ያለው፣ ሽኮኮ የሚመስል ትንሽ እንስሳ መጥቶ ክዳኑ ላይ ያለውን ማር እየላሰ እዛው ማሰሮው ውስጥ ይጸዳዳል፣ ተክሉም ናይትሮጅኑን ከሱ ያገኛል። ለልጆቼ ስነግራቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁ።

ሁለተኛው የገደልኩት ኔፔንተስ ሃማታ ነው፣ ከንፈሩ ላይ መንጠቆ የመሰለ ጥርስ አለው፣ ጣት የምታክል ችግኝ በስልሳ ዶላር ገዝቼ። የኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት የተራራ ተክል ነው፣ ሌሊት እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ እና ከዛም በታች ካልቀዘቀዘለት አይሆንለትም፣ የኔ አፓርትመንት ሐምሌ ላይ ሌሊቱንም ይሞቃል። የሚያናድደኝ እኛ ቤት አዲስ አበባ በረንዳው ላይ ያ የሌሊት ቅዝቃዜ በነጻ አለ፣ የበጋው ድርቀት ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ከስር ወደ አገር ቤት ሻንጣ ውስጥ ልውሰድ ወይ ያልከው ወንድም ግን እንዳታደርገው፣ ኔፔንተስ በሙሉ የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና እጽዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ውስጥ ነው፣ ያለ ፈቃድና ያለ እጽዋት ጤና ወረቀት ድንበር ማሻገር አይቻልም።

ለማንኛውም አንድ ነገር ላኪልኝ፣ የአዲሱን ቅጠል ጫፍ በቀን ብርሃን ቀርበሽ አንሺው፣ የቅጠሉን ጀርባም፣ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው፣ በአልኮል በነከርሽው ጥጥ ይጠረጋል። የኔው ግንዱ ሁለት ሜትር አልፎ የመጋረጃውን ዘንግ ይዞታል፣ ሚያዝያ ላይ እቆርጠዋለሁ፣ ሁለት ሶስት ቅጠል ያለው ቁራጭ እርጥብ ሞስ ውስጥ ሲቀመጥ በሁለት ወር ገደማ ስር ያወጣል፣ ዲሲ አካባቢ ከሆንሽ ኩባያ ይዘሽ ነይና አንዱን ውሰጂ።