ያገለገለ ሬንጅ ሮቨር ለመግዛት ለምታስቡ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው፤ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ላንድ ሮቨር ስር ነው። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። የምጠራው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ የግል ጋራዥ የሚያስከፍለው ግምት ነው፤ ዲለር ጋ ከሄዳችሁ በጣም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የ2011 ሬንጅ ሮቨር ስፖርት በ11 ሺህ ዶላር አግኝቻለሁ። አዲስ እያለ ከ60 ሺህ በላይ ነበር። ለምንድነው እንዲህ የረከሰው?

መኪናው ረከሰ እንጂ መለዋወጫው አልረከሰም። ሻጩም ገበያውም የሚመጣውን ወጪ ያውቃሉ። 11 ሺህ ብቻ ካለህ ተወው። 15 ሺህ ካለህ ግን በ11ዱ ግዛና አራቱን አትንካው፤ በመጀመሪያው ዓመት ትፈልገዋለህ። ቤንዚኑንም አስብ። ሱፐርቻርጀር (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ያለው 5.0 ሞተር ከተማ ውስጥ በጋሎን 12 ማይል አካባቢ ነው የሚሄደው፣ እሱም ፕሪሚየም (ውዱ ቤንዚን) ተቀድቶለት።

ጥያቄ፦ 5.0 ሞተር ያለው መኪናዬ ጠዋት ሲነሳ ካ-ካ-ካ ይልና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝም ይላል። ልጨነቅ?

አዎ ወንድሜ፣ ተጨነቅ። ከ2010 ጀምሮ በገባው 5.0 ቪ8 ላይ በጣም የታወቀው ችግር የታይሚንግ ቼኑ (ቫልቭና ፒስተን በሰዓታቸው እንዲሠሩ የሚያደርገው ሰንሰለት) ነው። ቼኑን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚገፋው አሉሚኒየም ላይ ነው፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ውሎ አድሮ ይቦረቦራል፣ ቼኑ ይላላል፣ ጠዋት ዘይቱ ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ያንን ድምፅ ያሰማል። ፈተን ስናወጣው ቴንሽነሩ የሚገፋበት ቦታ ላይ ጉድጓድ እናያለን። በኋላ የወጣው ዕቃ እዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ ብረት አለው፤ ስታሠራ ይኼኛው መሆኑን አረጋግጥ። ወጪው ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ ዶላር ይደርሳል፣ አብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው። ችላ ካልከው ቼኑ ይዘልና ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፤ ያኔ ሌላ ሞተር መፈለግ ነው።

ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር የውሃ ፓምፑንና የፕላስቲክ ውሃ ቱቦዎቹን አብረህ አስቀይር። ሱፐርቻርጀሩ ስር ያለው ቱቦ በሙቀት ብዛት እየደረቀ ይሰነጠቃል። ውሃ የጎደለበት አሉሚኒየም ሞተር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ይጣመማል። ዘይቱን በተመለከተ መመሪያው 15 ሺህ ማይል ይላል፤ እኔ በየ5 ሺህ ቀይር ነው የምለው። የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፣ በዳሽቦርዱ ሜኑ በኩል ነው የሚታየው፤ ብዙ ሰው ሳያየው ወራት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ማታ ቀጥ ብሎ አቁሜው ጠዋት በአንድ በኩል ተኝቶ አገኘዋለሁ።

በሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ያፈሳል። ስፖንጅ በሳሙና ውሃ ነክረህ፣ መኪናው ከፍ ብሎ እያለ የከረጢቱን ጎማ የታችኛ እጥፋት ቀባው፤ ደቃቅ አረፋ እየተነፋ ከወጣ አገኘኸው። አንድ ከረጢት ከነእጁ ከ500 እስከ 900 ዶላር ነው። ሰው የሚሳሳተው ቆይ ይደርሳል ብሎ ሲተወው ነው። ኮምፕረሰሩ የሚፈሰውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል፤ እሱ ሲጨመር ሌላ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ኮምፕረሰሩ ከተቀየረ ሪሌውንም (ኤሌክትሪክ የሚያበራለትን ማብሪያ) ቀይሩት፤ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሁሉ በአንዴ በራብኝ፤ ሳስፔንሽን፣ ኤቢኤስ፣ የእጅ ፍሬን፣ ካምቢዮ። አለቀልኝ?

አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ባትሪውን አስለኪ። እነዚህ መኪኖች ባትሪ ሲደክም ሁሉንም ስህተት ባንዴ ይጽፋሉ። ሁለተኛ የፊት ምንጣፉን አንሺና እርጥብ መሆኑን እዪ። የሰንሩፉ የውሃ መውረጃ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ሽቦና ሞጁል (የመኪናውን ትንንሽ ኮምፒውተር) ያበላሻል። ይህን ሳያይ ኮምፒውተር ቀይሪ የሚልሽ ጋራዥ ካለ ውጪለት።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው ዘይት አይቀየርም፣ ዕድሜ ልክ ነው ተባልኩ።

አትመን። ባለስድስት ማርሹን ካምቢዮ የሠራው ዜድ-ኤፍ ራሱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቀይሩ ይላል። ፊልትሩ ከፕላስቲኩ ገንዳ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ሙሉውን ቀይር፤ ከ500 እስከ 800 ዶላር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 4 ናፍጣ 3.0 አለኝ። መለዋወጫ ከዱባይ እስኪመጣ ሰለቸኝ። የአየሩን አውጥቼ ሞላ ላስገባ?

ሞላው ይሠራል፣ የለቀቀ ከረጢትና የተቃጠለ ኮምፕረሰር ይዞ ከመንከራተት ይሻላል። የምታጣው ከፍና ዝቅ ማድረጉን ነው፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ እንዳይበራ የሚያደርገው ሞጁል አብሮት ያለውን ኪት ብቻ ግዛ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ያንኑ ግፊት ለመሙላት እዚህ ካለው የበለጠ ይለፋል።

አንተን ግን ከሳስፔንሽኑ ይልቅ የሚያሰጋኝ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) ነው። የ2.7 እና የ3.0 ናፍጣ ሞተሮች ኮሎ የሚሰበርባቸው፣ ብሮንዚናቸው (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) የሚዞርባቸው ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴ ምልክት እንኳ አይሰጥም። ዘይቱን በየ8 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይር፣ የወጣውን ፊልትር ቀድደህ ወረቀቱን ዘርግተህ በፀሐይ እየው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ መኪናውን አቁም፣ በዚያው ቀን።

ጥያቄ፦ እዚህ ገዝቼ ወደ ኢትዮጵያ ብልከውስ?

ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ጉምሩክን በጽሑፍ ሳትጠይቅ አምስት ሳንቲም አታውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። ከፍ ያለ፣ ምቹ፣ የማያስቸግር ምን ልግዛ?

አባቴ፣ ለእርስዎ ሬንጅ ሮቨር አልመክርም። ሌክሰስ ጂ-ኤክስ 470 ወይም 460 ይፈልጉ። 470ው የታይሚንግ ቺንጋው (የቼኑን ሥራ የሚሠራው የጎማ ቀበቶ) በየ90 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት፤ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ። 460ው ቼን ነው። በረዶና ጨው ካለበት ስቴት የመጣ ከሆነ ሻንሲው ስር ገብተው ዝገቱን ሳያዩ አይግዙ። ዋጋው ቶሎ ስለማይወርድ ሲገዙ ይወደድብዎታል፣ ሲሸጡም ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ነገ ላይ ሄጄ ላየው ነው። ምን ላድርግ?

ሻጩን ሞተሩን አታስነሳው፣ እኔ ነኝ የማስነሳው በለው። እንደደረስክ እጅህን ቦኔቱ ላይ አድርግ፤ ሞቆ ከጠበቀህ የጠዋቱን ድምፅ እየደበቀህ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ተመለስ። ሳስፔንሽኑን ከታች እስከ ላይ አስነሳው፣ አራቱም ጥግ እኩል መነሳቱን ቆመህ እይ። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን ቪን በመንግሥት ድረ ገጽ አስገብተህ ያልተሠራለት ሪኮል (አምራቹ ለጥገና የጠራው ጉድለት) እንዳለው በነፃ እይ። መስኮቱ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ከፈረምክ በኋላ የሚሰበረው ሁሉ የአንተ ነው። ላንድ ሮቨር የሚያውቅ መካኒክ ጋ ወስደህ 200 ዶላር ከፍለህ አስፈትሸው። ሻጩ አላስፈትሽም ካለህ ቁልፉን መልስለትና ሂድ።