ፊልም ማስጨረሻ

ልጆቼ፣ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ፒያሳ በነበረች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሁሉንም አንስቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ማንም ከፍሎ ስላላስነሳው ፎቶ ነው።

ያኔ የምንጠቀምበት ፊልም 36 ፎቶ ያነሳ ነበር። ከሠርግ ስንመለስ ሁለት ሦስት ፎቶ ይተርፋል። ፊልም ውድ ነው፣ ባዶውን ለማጠቢያ መስጠት ያሳዝናል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘነውን እናነሳለን። ቦኖ ላይ የተሰለፈ ጀሪካን። የአላፊውን ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ። ውይይት ታክሲ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ ረዳት። በእኛ ቤት ይህን «ፊልም ማስጨረሻ» እንለው ነበር። ደንበኛ አይጠይቀውም፣ አይታተምም። የታጠበው ፊልም፣ ኔጌቲቩ ላይ ብቻ ይቀራል።

በ1987 ዓ.ም. ፒያሳ አጠገብ ባለው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንድ መልስ አነሳሁ። መሸት ሲል ሙሽሮቹ ተሸኙ፣ ዕድምተኛው ተበተነ። አንድ ፎቶ ቀርቶኛል። የሙሽራዋ እናት ከጓዳ ወጡ። የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ማሸት ጀመሩ። ነጠላቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ከኋላቸው ትንሿ ሱቃቸው አለች፤ መስኮቷ ላይ ሳሙናና ሻማ ተደርድሯል። አነሳኋቸው። ድካማቸው ደስታቸውን አልሸፈነውም ነበር።

ባለፈው ዓመት ያቺ ሙሽራ ከዋሽንግተን ደወለችልኝ። እናቷ አርፈዋል። ሰፈሩም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። «ጋሼ፣ የሠርጉ አልበም እኔ ጋ አለ» አለችኝ። «እማዬ በራችን ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችበት ፎቶ ይኖርዎታል? ያለኝ ጉርድ ፎቶዋ ነው። እሱ ላይ ደግሞ እሷን አትመስልም።»

ወዲያው ትዝ አለኝ። ኔጌቲቩ ግን የለም። ሱቅ ስቀይር ሁለት ጆንያ ሙሉ ኔጌቲቭ ጥያለሁ። ማን ይፈልገዋል ብዬ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ያየሁትን በቃል ነገርኳት፤ ሳጥኑን፣ ጫማውን፣ ሳሙናውን፣ ሻማውን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ከእኛ ነበር የሚገዛው» አለች። ድምጿ ተቆራረጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉርድ ፎቶው ለምን እናቷን እንዳልመሰለ አስባለሁ። ጥፋቱ የእኛ የፎቶ አንሺዎቹ ነው። አገጭ ቀና፣ ትከሻ ቀጥ፣ እንዳይስቁ እንላቸው ነበር። ኮትና ክራባት እናውሳለን፣ ከኋላ መጋረጃ እንሰቅላለን። ሰውየውን ከኑሮው ነጥለን ነው የምናነሳው። ሰው ግን ራሱን የሚመስለው እጁ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ቡና ሲቀዳ፣ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ሬዲዮ እየሰማ ጥርሱን ሲፍቅ።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ከቦታው ሲነሳ እኔም ካሜራ ይዤ ወጥቻለሁ። የሐውልቱ ብዙ ፎቶ አለኝ። ሐውልቱ በኋላ ተመልሶ ቆሟል። በየቀኑ በዚያ ሳልፍ ቆሎ ትሸጥልኝ የነበረችው ሴትዮ ግን አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም። ያኔ ሁሌም እዚያ የምትኖር ነበር የምትመስለኝ።

እናንተ ፊልም ያልቅብናል ብላችሁ አትሰጉም። በኪሳችሁ ካሜራ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። እባካችሁ የእናታችሁን ማዕድ ቤት አንሱ። ከማንሳታችሁ በፊት ግን አታጽዱት። የተቃጠለው ድስት፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ ሁሉም ይግባ። አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉ። ስልካችሁ ጀርባውን የሚያደበዝዝበት ነገር አለው፤ ቤታችሁን ስታነሱ አጥፉት። ቀድሞ የሚጠፋው ያ ጀርባ ነው። አጥሩ፣ ሱቁ፣ የቆርቆሮው ቀለም።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልበል፣ ይህ ደስ የሚለኝ ጉዳይ ነው። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በመስኮት ትገባለች። ቡና የሚፈላ ከሆነ መስኮቱ ከጀበናው ኋላ እንዲሆን አድርጋችሁ ቁሙ። ጭስና እንፋሎት የሚታየው ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ነው። ብርሃኑ ከእናንተ ጀርባ ከሆነ ግን የዕጣኑ ጭስ እምብዛም አይታይም። በመስከረም ዝናቡ አየሩን ስላጠበው ደግሞ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

የማታውቁትን ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። እምቢ ካለ «ይቅርታ» ብላችሁ እለፉ። ችግሩን ብቻ አትፈልጉ። ሊስትሮውን ካነሳችሁ ቁጭ ብላችሁ በእሱ ቁመት አንሱት፤ ፎቶውንም አሳዩት።

ከዚያ አሳትሙ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። በዓመት አሥር ብቻ ብታሳትሙ ይበቃል። የቀለም ፎቶ ፀሐይ ይጠላልና መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ጀርባው ላይ ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ለስለስ ባለ እርሳስ ጻፉ። እኔ ቤት ስም ያልተጻፈባቸው ብዙ ፎቶዎች አሉ። ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ግን አሁን የለም።

ትናንት ባለቤቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። «ተው እንጂ፣ ፀጉሬ እንኳ አልተሠራ!» አለችኝ። እሺ ብላኝ አነሳኋት፤ ከሰዓት በኋላ አሳተምኩት። ጀርባው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሐሙስ ጠዋት። በረንዳችን ላይ። ምስር ስትለቅም።»