ስኮርሽን ሳታዪ ዓመቱን አትጀምሪው

የሲልቨር ስፕሪንጓ (አሜሪካ) እህቴ፣ ደብዳቤሽን ማታ አነበብኩት። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ደግሜ አነበብኩት። ባለፈው ዓመት በኤምካት፣ ማለትም በሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው፣ ባመጣሽው 501 ስኮር ሴፕቴምበር ላይ ሜዲካል ስኩል አመልክተሽ አንድም ኢንተርቪው አልመጣልሽም። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ሙሉ ሰዓት ትሠሪያለሽ። ያሰብሽው ጁን ላይ ማመልከቻውን ልታስገቢ፣ ኤምካቱን ደግሞ ኦገስት መጨረሻ ላይ ልትደግሚ ነው። እናትሽ «ደግሞ ሌላ ዓመት ሊባክን ነው?» ይሉሻል። አባትሽ ነርሲንግ ግቢና ይብቃሽ ብለዋል።

ኦገስቱን ተዪው።

የፈተናው ውጤት የሚወጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ኦገስት መጨረሻ ከተፈተንሽ ስኮርሽ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይደርሳል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት ጁን መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እያነበቡ፣ ለኢንተርቪው እየጠሩ ይሄዳሉ። አንዳንዱ አዲሱ ስኮርሽ እስኪመጣ ፋይልሽን ያቆየዋል። ሌላው በ501ዱ አንብቦ ያልፍሻል። ጁን ላይ ብታስገቢም ያው እንደ አምናው የሴፕቴምበር አመልካች ነሽ።

ሜይ ላይ መፈተን ትችያለሽ? ይሄን የሚመልሰው እኔም እናትሽም አይደለንም፤ የፕራክቲስ ፈተናሽ ነው። የፈተናው ባለቤት ድርጅት ያወጣቸውን ሙሉ ፈተናዎች ውሰጂ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቀመጪ። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን። ዕረፍትሽ የተፈቀደው ደቂቃ ብቻ ይሁን። ቀኑ በጠቅላላው ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ሰውነትሽም አብሮ መልመድ አለበት። ኤፕሪል ላይ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜ 510 አካባቢ ካመጣሽ ሜይ ላይ ግቢ። 504 እና 505 ላይ ከቆመብሽ የሜይውን ተዪና በሚቀጥለው ጃንዋሪ ወይም ማርች ተፈተኚ፤ ማመልከቻውንም ከዚያ በኋላ ባለው ጁን አስገቢ። ቀን መቀየር የሚቻለው ፈተናው 10 ቀን እስኪቀረው ድረስ ብቻ ነው።

ሜይ ላይ ከተፈተንሽ ማመልከቻውን መጀመሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ላኪ። ትራንስክሪፕትሽን (የኮሌጅ ውጤትሽን) ማጣራቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ስኮሩን እየጠበቅሽ ያ ጊዜ ያልፋል። ስኮሩ ካማረ ሌሎቹን ትጨምሪያለሽ። ካላማረ የቀሩትን ትምህርት ቤቶች ገንዘብ አተረፍሽ። ያንን አንዱን ግን አስበሽ ምረጪው፤ ካልተሳካ እዚያ ደጋሚ አመልካች ሆነሽ ነው የምትቆጠሪው።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ዓመት እንዳያልፈኝ ብዬ ከፈረቃ በወጣሁ በማግሥቱ ኤምካቱን ለሁለተኛ ጊዜ ተፈተንኩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አንዷን አንቀጽ አራት ጊዜ አንብቤ አንዲት ነገር አልያዝኩም። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ፈተናው ይታረም ወይስ ይሰረዝ ብሎ ጠየቀኝ። የከፈልኩት ብር አሳዘነኝና ይታረም አልኩ። ከመጀመሪያው ሁለት ነጥብ ቀንሶ መጣ። ያመለከትኩባቸው ሁሉ ሁለቱን ስኮር ጎን ለጎን አዩት። ከዚያ ላቦራቶሪው ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ሥራውንም ወደድኩት። ስለዚህ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መጠበቅ ለእኔ የባከነ ጊዜ አይደለም።

ስለ እናትሽ ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰውም ለዕድሩም «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብለው ጨርሰዋል። ፈተና ክፍል የምትቀመጪው ግን አንቺ ነሽ። ለሰው መልስ ለመስጠት ተብሎ የፈተና ቀን አይያዝም። በየወሩ ለቤት ኪራዩ 900 ዶላር እንደምትሰጪ ጽፈሻል። ለሦስት ወር ግማሹን ስጪና የሥራ ሰዓትሽን ቀንሺ። ወንድምሽ ሥራ ይዟል አይደል? ክፍተቱን እሱ ይሙላ። ቤተሰቡ ዶክተር ከፈለገ ለጥናቱም አብሮ ይክፈል። ይሄን ለእናትሽ በስልክ አትንገሪያቸው፤ ቁጭ ብላችሁ ቀኖቹን በወረቀት አሳዪያቸው።

ለፈተናው ከመመዝገብሽ በፊት የፈተናውን ባለቤት ድርጅት የክፍያ ድጋፍ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ የፈተናው ዋጋ ይቀንሳል፤ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስም የማመልከቻው ክፍያ ይቀርልሻል። አስቀድመሽ የከፈልሽውን ግን አይመልሱልሽም።

ነርሲንግ ትልቅ ሙያ ነው፤ የሚገባበት ግን ወዶት የመጣ ሰው ነው። በካሪቢያን ደሴቶች ያለ ሜዲካል ስኩል ለመግባት አስበሽ ከሆነም ይሄ ስኮር ሳይስተካከል እንዳትፈርሚ። ያምናውን የማመልከቻ ድርሰት ደግሞ አትጠጋግኚው፤ ከባዶ ወረቀት ጀምሪው።

የሁለቱን ቅዳሜ ስኮር ኤፕሪል ላይ ላኪልኝ። ከአራቱ ክፍል የትኛው እንደወረደብሽም ጻፊልኝ።